ከሕፃናትና ከወጣቶች ጋር ለመሥራት ድህረ ምረቃ መማር ለምትፈልጉ፦ ሥራውን ከመምረጥ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

"ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ከልጆች ጋር መሥራት ነው ፍላጎቴ" የሚል ሰው ሲያማክረኝ ስለ ዩኒቨርሲቲ ስም አላወራም። "ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብተህ ምን ስትሠራ ይታይሃል?" ብዬ ነው የምጠይቀው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይንተባተባል። ምንም አይደለም። ግን መልሱ ሳይገኝ ማመልከቻ መሙላት ከተጀመረ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ የማይፈልገውን ሥራ የሚያስገኝ ወረቀት ይዞ መውጣት አለ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ሥራው የሚጠይቀው ፈቃድ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ። ፕሮግራሙን ስንመርጥ ደግሞ ከስሙ በፊት የምናየው የተግባር ልምምዱን ነው። በዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ ምክንያቱን እየሄድን እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ለዩ

"ከልጆችና ከወጣቶች ጋር መሥራት" የአንድ ሙያ ስም አይደለም። ሶሻል ወርከር፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የሕፃናት ሳይኮሎጂስት፣ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ባለሙያ፣ የንግግር ቴራፒስት፣ የወጣት ማዕከል አስተባባሪ፣ በመጠለያ ጣቢያ የሚሠራ የሕፃናት ጥበቃ ኦፊሰር፣ ከሕግ ጋር የተጋጩ ታዳጊዎችን የሚከታተል ባለሙያ፣ የልጆችን መረጃ የሚተነትን ተመራማሪ... ሁሉም "ከልጆች ጋር ነው የምሠራው" ይላሉ። የሚማሩት ትምህርት ግን ለየቅል ነው።

ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (እ.ኤ.አ. 1989) ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን አፍላ ወጣቶች ይላቸዋል። ተመድ በስታቲስቲክሱ ከ15 እስከ 24 ያሉትን ወጣት ብሎ ይቆጥራል፤ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይወስደዋል። አንድ የ17 ዓመት ልጅ አራቱም ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለእናንተ ይህ ተራ የቁጥር ጉዳይ አይደለም። ከሦስት ዓመት ሕፃን ጋር መሥራት በዋናነት ከእናትና ከአባቱ ጋር መሥራት ነው። ከ16 ዓመት ታዳጊ ጋር ግን እሱ ራሱ ካላመናችሁ ምንም አትሠሩም። የትኛው እንደሚመቻችሁ ራሳችሁን በእውነት ጠይቁ፤ ትንንሾቹን የሚወድ ሁሉ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጋር አይዘልቅም፣ ተቃራኒውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ የሰብዓዊ ዕርዳታ ቦታ፣ ወይስ ቢሮ።

ሦስተኛው ሚና ነው። ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ? ቤተሰቡን ትደግፋላችሁ? ወይስ ልጆቹን ሳታገኙ ፕሮግራምና ፖሊሲ ትቀርጻላችሁ? የመጨረሻው ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንዳንዱ ሰው ልጆችን በጣም ይወዳል፣ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር መዋል ግን ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ይህን ከመመዝገብ በፊት ማወቅ ይሻላል።

አሁን የቤት ሥራ። ልትሠሩት የምትፈልጉትን ሥራ የሚመለከቱ አሥር ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡ። ደመወዙን ለጊዜው ተዉት። "ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና ልምድ" የሚለውን ብቻ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ደጋግሞ የሚመጣው የትምህርት መስክ የእናንተ መስክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ደስ የማይል ነገር ታገኛላችሁ፤ ለምትፈልጉት ሥራ ማስተርስ ጭራሽ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው የሦስት ዓመት ልምድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ይህን መመሪያ ዝጉትና ሥራ ፈልጉ። የምሬን ነው።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ካለ ከፈቃዱ ጀምሩ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አንዳንድ ሙያዎች በሕግ የተዘጉ ናቸው። ዲግሪ ስላላችሁ ብቻ አትሠሩም፤ የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ያጸደቀውን ፕሮግራም መጨረስና መመዝገብ አለባችሁ። በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ማስተርሶች አንዱ ለፈቃድ ያበቃል፣ ሌላው አያበቃም።

ምሳሌ ላንሳ። እንግሊዝ አገር የትምህርት ሳይኮሎጂስት ሆኖ ለመሥራት የሦስት ዓመት ዶክትሬት ጨርሶ በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል። "የልጆች እድገት ሳይኮሎጂ" የሚል የአንድ ዓመት ማስተርስ በጣም ጥሩ ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ ለብቻው ግን እዚያ አያደርስም። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ብሔራዊ ማኅበር መስፈርት ቢያንስ 60 ሴሚስተር ክሬዲትና 1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 600 ሰዓቱ ትምህርት ቤት ውስጥ መሆን አለበት። የሶሻል ወርክ ማስተርስም እዚያው አሜሪካ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ግድ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያነሳሁት ወደዚያ ሂዱ ለማለት አይደለም። ሙያው ራሱ ለተግባር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ስለሚያሳዩ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መሥራት በምትፈልጉበት አገር ሙያውን የሚቆጣጠረውን አካል ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ምክር ቤት፣ ቦርድ ወይም ሚኒስቴር ነው። ያጸደቃቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጡ። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ምረጡ። አንድ አገር ተምራችሁ ሌላ አገር ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ተቆጣጣሪው አካል የውጭ ዲግሪን እንዴት እንደሚያይ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። "ችግር የለውም፣ ይሠራል" የሚል የቃል መልስ ተመርቃችሁ ስትመጡ ማንም አያስታውሰውም።

የወጣት ሥራ፣ የፕሮግራም አስተዳደር፣ ምርምርና ፖሊሲ በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት አጥር የላቸውም። እዚያ ነፃነታችሁ ሰፊ ነው።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል መማር እንዳለባችሁ ወስኑ

ድህረ ምረቃ ማለት ማስተርስ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ሥርዓት ለምሳሌ 60 ክሬዲት ሰርተፍኬት፣ 120 ክሬዲት ዲፕሎማ፣ 180 ክሬዲት ማስተርስ ነው፤ በብዙ ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው እየጨመሩ መሄድ ይቻላል። በመምህርነት ወይም በነርስነት እየሠራችሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ማለትም በኦቲዝም፣ በጨዋታ ቴራፒ ወይም በሕፃናት ጥበቃ እውቀታችሁን ማሳደግ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሰርተፍኬቱ ይበቃል። መስክ መቀየር ከሆነ ማስተርስ ያስፈልጋል።

ማስተርስ ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሙያተኛ የሚያወጣ ነው፦ ብዙ ልምምድ፣ ብዙ የክህሎት ክፍለ ጊዜ። ሌላው ተመራማሪ የሚያወጣ ነው፦ ብዙ ንድፈ ሐሳብ፣ ብዙ ስታቲስቲክስ፣ ትልቅ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ)። ከልጅ ጋር ቁጭ ብዬ እሠራለሁ የሚል ሰው ሁለተኛውን ሲመርጥ ያሳዝነኛል። ፒኤችዲ ደግሞ ለማስተማር፣ ለምርምር ወይም ፈቃዱ ዶክትሬት ለሚጠይቅ ሙያ ካልሆነ በስተቀር አትቸኩሉበት።

ደረጃ 4፦ ፕሮግራሙን ከጀርባው አንብቡ

የፕሮግራም ገጽ ላይ ከላይ ያለው ፎቶና መፈክር ነው። እናንተ ወደ ታች ውረዱና የኮርስ ዝርዝሩን አውጡ።

ጥሩ ፕሮግራም ውስጥ እነዚህን ታገኛላችሁ፦ የልጅ እድገት፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፣ የሕፃናት መብትና ሕግ፣ የሕፃናት ጥበቃና የጉዳይ አያያዝ (የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል)፣ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ስብራት፣ አካል ጉዳትና አካታችነት፣ የምርምር ዘዴ፣ የሙያ ሥነ ምግባር። የእድገት ኮርሱ በፒያዤና በኤሪክሰን፣ በቀደምቶቹ የልጅ እድገት ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት፣ ብቻ ካለቀ አርጅቷል። ቢያንስ የብሮንፈንብሬነርን ዕይታ ማንሳት አለበት፤ ልጁን ለብቻው ሳይሆን ከቤተሰቡ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወላጆቹ ሥራና ከአገሩ ፖሊሲ ጋር አያይዞ የሚያየውን። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው በልጅነት የሚደርሱ መከራዎች ጥናትም አለ። በደል፣ ቸልተኝነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የመሳሰሉት በተደራረቡ ቁጥር በአዋቂነት የልብ ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት ዕድል እንደሚጨምር ያሳየ ነው። ጥሩ መምህር ይህን ካስተማረ በኋላ ውስንነቱንም ያስተምራል፦ ጥናቱ ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው የሚናገረው፣ ፊታችሁ ስለተቀመጠው አንድ ልጅ ዕጣ ፈንታ አይተነብይም።

የቡካሬስቱ ጥናት ይሰጥ እንደሆነም ጠይቁ። ሮማኒያ ውስጥ በማሳደጊያ ተቋም የነበሩ 136 ሕፃናት ተወስደው፣ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። ቀድመው፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት በብዙ ነገር የተሻለ አገገሙ። ጥናቱ የሚነሳው ለውጤቱ ብቻ አይደለም። "ልጆችን በዕጣ መመደብ ተገቢ ነበር ወይ?" የሚለው የሥነ ምግባር ክርክርም ክፍል ውስጥ ሊነሳ ይገባዋል። በመምህሩና በተማሪዎቹ መካከል እንዲህ ዓይነት ክርክር የማይካሄድበት ክፍል ለዚህ ሙያ አያዘጋጅም።

የልጆች ተሳትፎስ? የሮጀር ሃርት ባለ ስምንት ደረጃ መሰላል (እ.ኤ.አ. 1992) እና የላውራ ለንዲ ሞዴል (እ.ኤ.አ. 2007) የታወቁ ናቸው። ሃርት ልጆችን ለጌጥ መድረክ ላይ ማቆምን ከእውነተኛ ተሳትፎ ይለያል። ለንዲ ደግሞ አራት ነገር ትጠይቃለች፦ ልጁ የሚናገርበት ቦታ፣ ድምፁን የሚያወጣበት መንገድ፣ የሚያዳምጠው ሰው፣ እና የተናገረው ነገር የሚያመጣው ለውጥ። ሁለቱም ኮርሱ ውስጥ ከሌሉ ፕሮግራሙ ስለ ልጆች እንጂ ከልጆች ጋር ስለ መሥራት አያስተምርም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ልምምዱ። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ላኩና የሚከተሉትን ጠይቁ። ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው? ቦታውን ማን ያገኛል፣ እናንተ ወይስ ትምህርት ክፍሉ? ልምምድ ቦታ ላይ የሚከታተላችሁ ሰው ራሱ በሙያው የሠለጠነ ነው ወይ? በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኛችኋል? ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የት የት ተመደቡ?

"ቦታውን ተማሪው ራሱ ያፈላልጋል" የሚል መልስ ከመጣ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዴ ምንም ክፋት የለውም። ብዙ ጊዜ ግን ትምህርት ክፍሉ ከድርጅቶች ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ተማሪው የሆነ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያስተካክል ከርሞ ይወጣል። ክትትሉ ደግሞ ከሰዓቱም ይበልጣል። ልጅ ከነገራችሁ ነገር በኋላ እንቅልፍ ስታጡ፣ የትኛው ስሜት የእናንተ እንደሆነና የትኛው የልጁ እንደሆነ ለይቶ የሚያሳያችሁ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚተካ መጽሐፍ የለም።

ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮግራም ከሆነም ያው ነው። ንድፈ ሐሳቡን ከቤት መማር ይቻላል፤ ልምምዱ ግን በአካል መሆን አለበት። ልምምድ የሌለው የኦንላይን ማስተርስ ለፖሊሲና ለምርምር ይሁን ቢባል እንኳ ለቀጥታ ሥራ አልመክረውም።

ዩኒቨርሲቲው እውነተኛ መሆኑንም አጣሩ። ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር የሚያዘጋጀው የዓለም የከፍተኛ ትምህርት ዳታቤዝ በነፃ ይታያል። እዚያ የሌለ፣ በአገሩ መንግሥት ዝርዝር ውስጥም የሌለ፣ ግን "በስድስት ወር ማስተርስ" የሚል ተቋም ካያችሁ ዝለሉት።

ደረጃ 5፦ ከማመልከታችሁ በፊት ልጆች ያሉበት ሂዱ

ጥቂት ወራት በቂ ነው። የንባብ ክበብ፣ የስፖርት ቡድን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል፣ ምንም ይሁን። ሁለት ጥቅም አለው። ማመልከቻችሁ ክብደት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲሳደብ፣ ሲዋሽ፣ ዝም ሲል ምን እንደሚሰማችሁ ከወንበር ላይ ሆኖ መገመት አይቻልም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለአንድና ለሁለት ሳምንት ብቻ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ ልጆች አቅፎ ፎቶ ተነስቶ መመለስን እንደ ልምድ አትቁጠሩት። ከሰው ጋር ተጣብቆ ደጋግሞ መለየት በተቋም ለሚያድግ ልጅ ራሱ ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ የሌላችሁ ከሆነ ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ሠራተኞቹን የሚያግዝ ሥራ ጠይቁ።

የፖሊስ ማጣሪያ ወረቀትም ቀድማችሁ አውጡ። ከልጆች ጋር የሚያገናኝ ልምምድ ያለው ፕሮግራም ይህን መጠየቁ አይቀርም። የማይጠይቅ ካጋጠማችሁ፣ ለእናንተ ቀላል ሆነ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ስለ ልጆች ደህንነት ምን ያህል እንደሚጨነቅ ነግሯችኋል።

ነፃ ኮርሶችም አሉ። የዩኒሴፍ አጎራ የሚባለው የትምህርት መድረክ ላይ በሕፃናት መብትና ጥበቃ ዙሪያ አጫጭር ኮርሶች አሉ። ለማስተርስ ምትክ አይሆኑም፣ ግን የሙያውን ቋንቋ ያስለምዷችኋል።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻው

ትራንስክሪፕት፣ ሲቪ፣ የቋንቋ ፈተና፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ውጤት በአብዛኛው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ በጣም ቀድማችሁም አትፈተኑ፣ በጣምም አትዘግዩ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ብዙ ፕሮግራሞች 6.5 ወይም 7 ይጠይቃሉ።

ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ የዓላማ መግለጫው ላይ ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ ልጆችን እወዳለሁ" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም፤ ሁሉም አመልካች እንደዚያ ነው የሚለው። ይልቅ ያያችሁትን አንድ ችግር አምጡና ያልገባችሁን ነገር ጠይቁ። እንዲህ ለማለት ነው፦

"በምመራው የንባብ ክበብ ውስጥ ማንበብ የሚችሉ ግን ጮክ ብለው ለማንበብ ፈጽሞ እምቢ የሚሉ ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ከወላጆቻቸው ጋር ስነጋገር ሁለቱ ቤት ውስጥ ሲሳሳቱ እንደሚመቱ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ ለማን መንገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ይህንን ነው መማር የምፈልገው።"

ይህ አንቀጽ ልምድ ያሳያል፣ ማሰብ ያሳያል፣ ፕሮግራሙ ለምን እንዳስፈለገም ይናገራል። ልብ በሉ፣ የልጅ ስም የለም፣ ትምህርት ቤቱ አልተጠቀሰም፣ የሚለይ ምልክት የለም። መራጮቹ ይህንንም ያያሉ። በማመልከቻው ላይ የልጅን ምስጢር የሚበትን ሰው ነገ ልምምድ ቦታም እንደዚያው ያደርጋል።

የራሳችሁን አስቸጋሪ ልጅነት መጻፍ ትችላላችሁ? ትችላላችሁ፣ ከፈለጋችሁ። ግን አጭር ይሁን፤ ቁስሉን ከመዘርዘር ይልቅ ዛሬ ከእሱ ጋር እንዴት እንደምትኖሩ ይናገር። ገና የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ። ልምምዱ ላይ ልክ እንደ እናንተ ያለ ልጅ መምጣቱ አይቀርምና።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሰዎች ስትመርጡ ሥልጣናቸውን አትዩ። ከልጆች ጋር ስትሠሩ ያየ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ስማችሁን በቅጡ ከማያውቅ ዲን ይበልጣል። ከወር በፊት ጠይቋቸው፤ ሲቪያችሁንና የምታመለክቱበትን ፕሮግራም አጭር መግለጫ ላኩላቸው።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ

አጠር ላድርገው። የነፃ ትምህርት ዕድሎች የራሳቸው አመክንዮ አላቸው፣ እሱን ሳታውቁ አታመልክቱ። የብሪታንያው ቼቭኒንግ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ከተማራችሁ በኋላም ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። የሚፈልገው መሪ ነው፤ ስለዚህ ስለ ልጆች ብቻ ሳይሆን ሰዎችን አስተባብራችሁ ስለለወጣችሁት ነገር ጻፉ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ በሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች የሚሰጥ የጋራ ማስተርስ ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (DAAD) ለልማት ነክ ትምህርቶች በሚሰጠው ዕድል የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሁሉም ጋ ማመልከቻው ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለሚከፈት፣ ለመስከረም ትምህርት በሰኔ ማሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።

እየሠራችሁ በትርፍ ጊዜ ልትማሩ ከሆነ ደግሞ የልምምድ ሰዓቱን ቁጠሩ። ክፍሉ በማታ ነው፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት የሚገኙት በቀን ነው። ለአሠሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ደረጃ 8፦ ልምምድ ላይ

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ ማየት ነው። የድርጅቱን የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ ጠይቁና አንብቡ፣ ስጋት ሲኖር ለማን እንደሚነገር ስሙን ጻፉ። ይህን ሳታውቁ ከልጅ ጋር ብቻችሁን አትቀመጡ።

በጉዳይ አያያዝ ቦታ ከተመደባችሁ አንድ ሠራተኛ ስንት ልጅ እንደሚከታተል ጠይቁ። በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች (እ.ኤ.አ. በ2019 ታድሰው የወጡት፣ 28 ናቸው) ለአንድ ሠራተኛ ከ25 ልጆች እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ሰነዱ በነፃ ይገኛል፤ በሌላ ዘርፍ ብትሠሩም አንብቡት። አንድ ሰው ሰማንያ ልጅ የያዘበት ቦታ ከደረሳችሁ፣ የምታዩት ድካም የሠራተኛው ጥፋት እንዳልሆነ ይገባችኋል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልትዘጋጁበት የሚገባው። አንድ ቀን ልጅ ጠጋ ብሎ "ለማንም አትንገሪ" ወይም "ለማንም አትንገር" ይላችኋል። ቃል አትግቡ። "የነገርከኝን ነገር ስለ ደህንነትህ ከሆነ ሊረዳህ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ፤ ከማን ጋር እንደምነጋገር ግን አስቀድሜ እነግርሃለሁ" በሉት። ከዚያ አዳምጡ። አትደንግጡ፣ ፊታችሁም አይደንግጥ። "አጎትህ ነው የመታህ?" ዓይነት መልሱን የሚያጎርስ ጥያቄ አትጠይቁ፤ "ምን ሆነ?" ይበቃል። ደጋግማችሁም አትመርምሩት፤ ምርመራ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ልጁም ታሪኩን ለአምስት ሰው መድገም የለበትም። ስለነገራችሁ አመስግኑት፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ንገሩት። ወዲያው በዚያው ቀን የልጁን ቃል ሳትቀይሩ ጻፉ፤ የእናንተን ግምት ከእሱ ቃል ለዩ። ለተመደበው ኃላፊ አሳውቁ። አደረሰ የተባለውን ሰው ራሳችሁ ሄዳችሁ አትጋፈጡ። ልጁ ለዚያው ሰው የተጋለጠ ሆኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላልና።

ድንበርንም ልመዱ። የግል ስልካችሁን ለታዳጊ አትስጡ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ጓደኛ አትሁኑ፣ ገንዘብና ስጦታ በግል አትስጡ። ጨካኝ ይመስላል። ግን ልምምዱ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ፤ ልጁ ከሄደ ሰው ጋር የተጣበቀ ተስፋ ይዞ እንዳይቀር መጀመሪያ ቀን "እስከዚህ ቀን ነው የምቆየው" በሉት። ስንብቱን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ ቀኑን አስታውሷቸው፣ በወጉ ተሰናበቱ። ድንገት መጥፋት በብዙዎቹ ሕይወት ውስጥ ቀድሞም የነበረ ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ ቴሲስ

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ዓመት ይጨምራል። ምክንያቱ ደግሞ ስንፍና አይደለም፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ልጆችን የሚያካትት ጥናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በተጨማሪ የልጁ የራሱ እሺታ ያስፈልጋል። እናት ፈርማ ልጁ "አልፈልግም" ካለ አለቀ፣ አልተሳተፈም ማለት ነው። በጥናቱ መሃል ልጁ ጉዳት ላይ መሆኑን ብታውቁ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ ትጽፋላችሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስተካክሉ ብሎ መመለሱ የተለመደ ስለሆነ ማመልከቻውን ርዕሱ እንደጸደቀ አስገቡ።

ጥያቄውን አጥብቡት። "ድህነት በልጆች ላይ ያለው ተፅዕኖ" ለማስተርስ አይሆንም። "የማታ ሥራ የሚሠሩ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት የሚቀሩበትን ምክንያት እንዴት ይገልጹታል?" ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። የተሰበሰበ መረጃ መጠቀም። ያንግ ላይቭስ የሚባለው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን እ.ኤ.አ. ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲከታተል ቆይቷል፤ መረጃው ለተማሪዎች ክፍት ነው። የዩኒሴፍ የብዙ አመላካቾች የቤተሰብ ጥናትም እንዲሁ ተመዝግቦ ማውረድ ይቻላል። ስታቲስቲክስ የማይከብዳችሁ ከሆነ የመስክ ወጪውም የለ፣ ልጆችን እንደገና ማስቸገሩም የለ፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ከልጆች ጋር ካልተቀመጥኩ ጥናት አይመስለኝም የምትሉ ደግሞ ሥዕል፣ ካርታና ልጆቹ ራሳቸው የሚያነሱትን ፎቶ የሚጠቀሙ ዘዴዎችን አንብቡ። ትንሽ ልጅ ለመጠይቅ ወረቀት ብዙ አይነግራችሁም።

ከተመረቃችሁ በኋላ

የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ "ጥያቄ አለሽ?" "ጥያቄ አለህ?" ሲባል ዝም አትበሉ። ፕሮግራሙን ስትመርጡ የጠየቃችሁትን እዚህም ጠይቁ፦ የሙያ ክትትል አለ ወይ፣ በወር ስንት ጊዜ፣ ማን ነው የሚሰጠው፣ አንድ ሠራተኛ ስንት ልጅ ይይዛል። የልጆችን መከራ ዕለት ዕለት መስማት የሰሚውንም ሰውነት ይነካል፤ እንቅልፍ ይሄዳል፣ ትዕግሥት ያልቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሰማው ይሆናል። ክትትል የሌለው ድርጅት ከሆነና ሥራውን የግድ ከያዛችሁት፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ የምትገናኙበት ቡድን መሥርቱ፤ የልጆቹን ስም ሳታነሱ ጉዳዮቹን እየተመካከራችሁ። ለፈቃድ የሚቆጠር የክትትል ሰዓት ካለባችሁ ግን ይህ አይበቃም፤ የተመዘገበ ባለሙያ ፈልጋችሁ ሰዓቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በፊርማ አስመዝግቡ።